ደም ብዛት፣ ነቀርሳ፣ የኩላሊት እጥበት፦ አዲስ ቃል እንዴት ይወለዳል?

ነርሲንግ የሚማር ሰው ገና ከጅምሩ ከሚገጥሙት ነገሮች አንዱ የሕክምና ቃላት ትምህርት ነው። ቃላቱን መሸምደድ አያዋጣም፤ መበታተን ነው የሚሻለው። «ጋስትሮ» ማለት ጨጓራ ነው፤ «አይቲስ» ማለት መቆጣት ነው፤ ሁለቱ ሲገጣጠሙ «ጋስትራይቲስ»፣ የጨጓራ መቆጣት ይሆናል። ክፍሎቹን ያወቀ ሰው አይቶት የማያውቀውን ቃል እንኳ መፍታት ይችላል። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያደግን የሐበሻ ልጆች ግን ሌላም ሥራ አለብን፤ ያንኑ ቃል ለእናት፣ ለአክስትና ለአያት በአማርኛ ማስረዳት። ስለዚህ ሁለቱ ቋንቋዎች ቃል እንዴት እንደሚፈጥሩ ማወቅ ለእኛ የጤና ጉዳይም ነው።

የእንግሊዝኛው መንገድ

እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ከባዶ አይፈጥርም፤ ያለውን ይቀጥላል፣ ይቆርጣል ወይም ይዋሳል። «ስማርትፎን» ሁለት ቃላት ተጣብቀው የተሠራ ነው። «ብራንች» ደግሞ ከቁርስና ከምሳ ስም ግማሽ ግማሹን ወስዶ የተቀላቀለ ነው። «ፍሉ» «ኢንፍሉዌንዛ» ተቆርጦ የቀረው ነው። «ኤድስ» ከአራት ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት የተገኘ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1982 ሥራ ላይ ዋለ። «ኮቪድ-19»ም እንዲሁ ነው፦ «ኮ» ከኮሮና፣ «ቪ» ከቫይረስ፣ «ድ» በእንግሊዝኛ በሽታ ከሚለው ቃል፣ 19 ደግሞ ከ2019። ስሙን የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው የካቲት ወር 2020 ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ቃሉ ሳይለወጥ ሥራው ይለወጣል። «ቴክስት» ስም ነበር፤ ዛሬ ግስ ሆኗል። «ጎግል» የኩባንያ ስም ነበር፤ እሱም ግስ ሆነ። የተዋሳቸውም ብዙ ናቸው። «ኳራንቲን» ከጣሊያኖች የመጣ ሲሆን መነሻው አርባ ቁጥር ነው፤ ድሮ መርከቦች ወደብ ከመግባታቸው በፊት ለአርባ ቀን እንዲቆዩ ይደረግ ስለነበር ነው። «ቫክሲን» ደግሞ ላም ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ኤድዋርድ ጄነር የፈንጣጣ ክትባቱን የጀመረው ከላም ፈንጣጣ ነበርና።

የአማርኛው መንገድ

አማርኛ ትልቁ ሀብቱ ሥር ነው። ከ-ተ-በ የሚሉትን ሦስት ድምፆች ውሰዱ። ከዚያ ከተበ፣ ተከተበ፣ አስከተበ፣ ከታቢ፣ ተከታቢ፣ ክትባት እያልን እንሄዳለን። ጸሐፊ ሐሳቡን በወረቀት ከተበ ሲባልም ያው ሥር ነው፤ በአንገት የሚንጠለጠለው ክታብም እነዚያኑ ድምፆች ይጋራል። እንግሊዝኛ ከፊትና ከኋላ የሚቀጥለውን፣ አማርኛ ብዙውን ጊዜ ከውስጥ አናባቢ እየለዋወጠ ይሠራዋል።

ሁለተኛው መንገድ ቃላትን ማጣመር ነው። «አርሶ አደር»፣ «አርብቶ አደር»፣ «ወዝ አደር» በአንድ ቅርፅ የተሠሩ ናቸው። ግዕዝም ያግዛል፦ «ሥነ ልቦና»፣ «ርዕዮተ ዓለም»፣ «ድረ ገጽ»። ይህ ሥራ ተቋምም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1972 በአዲስ አበባ የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ ተቋቋመ፤ ከአብዮቱ በኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ተባለ፤ ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ ቃላትም አማርኛ አቻ ሲፈልግ ቆይቷል።

ሦስተኛው መዋስ ነው። «መኪና»፣ «ጋዜጣ» እና «ፌርማታ» ከጣሊያንኛ መጥተው ቤተኛ ሆነዋል። እኛ ደግሞ እዚህ በየቀኑ እንዋሳለን። «ቴክስት አድርጊልኝ»፣ «ፓርክ ላድርግና መጣሁ»፣ «ዛሬ ደብል ሺፍት ነኝ» እንላለን። ይህን የሚሰሙ ትልልቅ ሰዎች አማርኛው ተበላሸ ይላሉ። ነገር ግን ልብ ብላችሁ ስሙት፤ የእንግሊዝኛውን ቃል የተሸከመው «አደረገ» ነው፤ ለሴት «አድርጊ»፣ ለወንድ «አድርግ»፣ ለታላቅ «ያድርጉ» እያለ በአማርኛ ሕግ ይረባል። እንግዳው ቃል ቤት ገባ እንጂ የቤቱን ሥርዓት አልለወጠም።

ቃሉ ሲያሳስት

አራተኛው የአማርኛ መንገድ አዲሱን ነገር በታወቀ ቃል መግለጽ ነው። «ለይቶ ማቆያ» ከ«ኳራንቲን» ይልቅ ለሰሚው ግልጽ ነው፤ ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል። ሆኖም ስሙ የሚናገረው ሁሉ ትክክል ላይሆን ይችላል። አራት ምሳሌ ልስጥ።

አክስቴ የደም ምርመራ አድርጋ ደም ማነስ አለብሽ ሲሏት፣ «እኔ ያለብኝ ደም ብዛት! ማነሱ ከየት መጣ?» አለች። ቃላቱን ብቻ ካየን ልክ ናት፤ ብዛትና ማነስ ተቃራኒ ናቸው። ነገር ግን «ደም ብዛት» የምንለው ደሙ የሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል መጨመሩን ነው፤ «ደም ማነስ» ደግሞ ኦክስጅን የሚያጓጉዙት ቀይ የደም ሴሎች ወይም በውስጣቸው ያለው ሄሞግሎቢን መቀነስ ነው። በተለይ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊኖሩበት ይችላሉ። ስለዚህ «የደም ግፊት» ማለት ይሻላል፤ አክስቴም የተረዳችው እንዲህ ስላት ነው።

«ነቀርሳ» ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል። አማርኛ ተናጋሪ ካንሰርን ነቀርሳ ይላል፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ሲል ግን ቲቢ ማለቱ ነው። ቲቢ በባክቴሪያ የሚመጣ፣ በትንፋሽ የሚተላለፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለስድስት ወር ያህል መድኃኒት ተወስዶ የሚድን ነው። የሳንባ ካንሰር አይተላለፍም፤ ሕክምናውም ሌላ ነው። አስተርጓሚው በአንዱ ፈንታ ሌላውን ቢል ቤተሰቡ ወይ በከንቱ ይደነግጣል፣ ወይ መጠንቀቅ ሲገባው ሳይጠነቀቅ ይቀራል። እዚህ ላይ የተዋስናቸው «ቲቢ» እና «ካንሰር» ከአገር ቤቱ ቃል የተሻለ ያገለግላሉ።

«የኩላሊት እጥበት» የሚለውን ስንሰማ ኩላሊቱ ታጥቦ፣ ጸድቶ የሚድን ይመስላል። የሚጸዳው ግን ደሙ ነው፤ ማሽኑ ኩላሊት መሥራት ያቃተውን ሥራ ይሠራለታል። «አሁን ታጥቦልኛል፣ ልቅር» የሚል ሕመምተኛ ቢኖር ቃሉን አምኖ ነው። በማሽን የሚታከሙ ብዙዎቹ በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚመላለሱትም ለዚህ ነው።

«ስኳር በሽታ»ም እንዲሁ ዓይናችንን ሻይ ውስጥ ወደሚገባው ስኳር ብቻ ይስባል። እንጀራ፣ ዳቦና ሩዝም በሆድ ውስጥ ወደ ስኳርነት ይለወጣሉ፤ ልኩን መቆጣጠር የእነሱንም ይጨምራል።

ምን እናድርግ?

አብዛኞቻችን ገና በልጅነታችን ለቤተሰብ አስተርጉመናል። ማወቅ ያለብን፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የፌዴራል የጤና ሕግ ክፍል 1557 የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ብቁ አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርቡ ያዛል፤ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ሕፃን ልጅን እንዲያስተረጉም ማድረግም በደንቡ አይፈቀድም። በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ፤ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶችን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ስለዚህ ከቤተሰባችሁ ሰው ጋር ስትሄዱ «የአማርኛ አስተርጓሚ እንፈልጋለን» ማለት መብት እንጂ ልመና አይደለም። እናንተ አጠገባቸው ሆናችሁ እጃቸውን መያዝ ትችላላችሁ።

እዚያው ክፍል ውስጥ ሆናችሁ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ቃሉን ብቻ አትተርጉሙ፤ ሥራውን ተናገሩ፦ «ደሙ ሥሩን በኃይል እየገፋ ነው»። ሁለተኛ፣ «እማማ፣ አሁን የተባለውን እስቲ ለእኔ መልሰው ይንገሩኝ» በሉ። ነርሶች ይህን ዘዴ በየቀኑ እንጠቀምበታለን፤ የተሳሳተ ቃል የሚያዘው መልሰው ሲናገሩት ነው።

የጤና ትምህርት የምንማር የማኅበራችን አባላት ደግሞ እንዲህ ያሉ ቃላትን ብንሰበስብ ጥሩ ነው። በቤታችሁ የሚያደናግር የሕመም ወይም የመድኃኒት ስም ካለ ጻፉልን፤ ሰውየው ምን እንዳለና ምን ማለቱ እንደነበር ጨምሩበት። አካዳሚ ባንሆንም ከአንድ ገጽ መጀመር እንችላለን።