ጊታር ከመግዛታችን በፊት ፊዚክስን እንጠይቅ

ከእንጦጦ ግርጌ በየካ ክፍለ ከተማ የሚኖር፣ ከጀማሪነት አልፎ የራሱን ድምፅ የሚሻ ተማሪ የወራት ቁጠባውን ለኤሌክትሪክ ጊታር ሊያውል ነው እንበል። ከቀለሙና ከቅርጹ አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን እንዲመረምር እንመክረዋለን።

አንደኛው ፒክአፕ ነው። ይህ ክፍል በማግኔት ዙሪያ ብዙ ሺህ ጊዜ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። የብረቱ ክር ሲርገበገብ መግነጢሳዊው መስክ ስለሚለዋወጥ፣ ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ባገኘው ሕግ መሠረት በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይመነጫል። ሆኖም ሽቦው ከ50 ኸርዝ የመብራት መስመራችን የሚወጣውንም ስለሚቀበል፣ ባለአንድ ጥቅል ፒክአፕ ያጉረመርማል። ሀምበከር የሚባለው ባለሁለት ጥቅል ግን ማግኔቶቹም ጥምጥሞቹም ተቃራኒ ስለሆኑ ጉርምርምታው ይጣፋል፤ የክሩ ድምፅ ይደመራል። የመጀመሪያው ጥርት ያለ፣ ሁለተኛው ወፈር ያለ ድምፅ ይሰጣል።

ሁለተኛው አንገቱ ነው። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅና እንደሚጣመም ሁሉ፣ የጊታር እንጨትም በክረምት እርጥበት ያብጣል፤ በበጋ ይኮማተራል። ስለዚህ በአንገቱ ውስጥ የሚስተካከል የብረት ዘንግ መኖሩን እናረጋግጥ።

ሦስተኛው የድምፁ ልክነት ነው። 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ተጭነን ስንመታውና በስሱ ነክተን ስንመታው ድምፁ አንድ መሆን አለበት። ልዩነቱ በድልድዩ ማስተካከያ ካልታረመ ጊታሩን እንተወው።

ሦስቱን ፈተናዎች ያለፈ ጊታር ርካሽ ወይም ያገለገለ ቢሆንም አያሳፍርም። ትዝታን ወይም ባቲን ስንጫወት የሚለየን የጣቶቻችን ልምምድ ነውና።