ግራጫዋን በቀቀን መንጋዋ አጋለጣት

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የኖረ ወይም እዚያ ዘመድ ያለው ሰው ግራጫዋን አፍሪካዊት በቀቀን ሳያውቃት አይቀርም። ዐረቦቹ «ካስኮ» የሚሏት ናት፤ ጭራዋ ቀይ፣ የቤቱን ሰው በስሙ የምትጣራ፣ የስልክ ጥሪ ሳይቀር የምትቀዳ። ስለ እርሷ የሚሰማው ወሬ ግን ያምታታል። አንዱ «ንግዷ በዓለም ደረጃ ታግዷል» ይላል፣ ሌላው «ወረቀት ካላት ትገዛለች» ይላል።

ሁለቱም ልክ ናቸው። ለመጥፋት የተጋለጡ የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2016 ጆሃንስበርግ ላይ ተሰብስበው ከዱር የተያዘችን ግራጫ በቀቀን ከአገር አገር መነገድን ከለከሉ፤ ክልከላው በ2017 መጀመሪያ ላይ ጸና። የተመዘገቡ አርቢዎች ግን በእጃቸው የተፈለፈሉትን በፈቃድ መሸጥ ይችላሉ።

ስለ መመናመኗ ሲነሳ የደን ጭፍጨፋና የገዢው ፍላጎት ይጠቀሳሉ፤ አላጠፉም ማለት አይቻልም። ተገቢው ትኩረት ተነፍጎታል የምለው ግን የራሷ የኑሮ ጠባይ ነው። ግራጫዋ በቀቀን ብቻዋን ማደር አትወድም። ቀን ፍሬ ፍለጋ ተበትና ትውልና ሲመሽ በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሆና አንድ ማደሪያ ላይ ትሰበሰባለች። ደን መሐል ወዳሉ ገላጣ ቦታዎችም ማዕድን ያለውን አፈርና ውሃ ፍለጋ ከመንጋዋ ጋር ትወርዳለች። ስለዚህ አጥማጁ በጫካው መንከራተት የለበትም፤ ወፎቹ የሚመላለሱበትን ቦታ ካወቀ ይበቃዋል። አስቀድሞ የያዛትን አንዲት በቀቀን እዚያ ያስርና ዙሪያዋን በሙጫ የተለወሰ የዘንባባ ዘንግ ይደረድራል። ጩኸቷን የሰሙት ሲመጡና ሲያርፉ ክንፋቸው ይጣበቃል። ከዚያ የሚበሩበትን ላባ በመቀስ ይቆርጥና ሣጥን ውስጥ ያጭቃቸዋል። ብዙዎቹ ገበያ ሳይደርሱ ይሞታሉ፤ አንዲት በቀቀን ሱቅ ውስጥ ስትታይ ከጫካው የጎደለው ከአንድ በላይ ነው።

ሰው የሚወድላት አንደበትም የመጣው ከዚሁ የመንጋ ኑሮ ነው። ድምፅ እየሰማች መቅዳቷ ከመንጋዋ ጋር የምትግባባበት ችሎታ ነው።

ከ1975 ወዲህ በሕጋዊ መንገድ ብቻ 1.3 ሚሊዮን ገደማ ግራጫ በቀቀኖች ከዱር ተይዘው ወደ ውጭ እንደተላኩ ይገመታል። በመንገድ ያለቁትና በኮንትሮባንድ የወጡት በዚህ ውስጥ የሉም። ጋና ውስጥ የተደረገ ጥናት ቁጥሯ ከ1992 ወዲህ ከ90 እስከ 99 በመቶ ማሽቆልቆሉን አሳይቷል። አጥኚዎቹ ቀድሞ በመቶዎች ያድሩባቸው የነበሩ ሦስት ማደሪያዎችን ቢጎበኙ ያገኙት 18 ወፍ ብቻ ነበር። ይህን ያህል ጉድለት ለመሙላት ዘመን ይጠይቃል፤ በአንድ ጊዜ የምትጥለው ከሦስት እስከ አምስት እንቁላል ነው፣ ጫጩቷ ለመራባት ዓመታት ትፈልጋለች፣ ጎጆዋም ክፍተት ያለው ትልቅ ዛፍ ነው።

እገዳ ዋጋ የለውም አልልም። ብቻውን ሲቆም ግን ንግዱን ወደ ሌላ በር ይገፋዋል። አሜሪካ በ1992፣ የአውሮፓ ኅብረትም በወፍ ጉንፋን ሰበብ በ2005 በሩን ሲዘጉ ገበያው ወደ ባሕረ ሰላጤውና ወደ እስያ ዞረ። አየር ማረፊያ ላይ መያዝም ዘግይቶ መድረስ ነው። በ2010 ካሜሩን ዱዋላ አየር ማረፊያ ላይ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ በቀቀኖች ተያዙ። እንዲህ የተረፈች ወፍ በማግስቱ አትለቀቅም። የተቆረጠው ላባ ጉቶው ረግፎ አዲስ እስኪበቅል ወራት ይፈጃል፤ እስከዚያ ቤት፣ ምግብና ሐኪም ያስፈልጋታል።

በጊኒ ባሕረ ሰላጤ ያለችው የፕሪንሲፔ ደሴት የተሻለውን መንገድ ታሳያለች። እዚያ ከ2005 ወዲህ ማጥመድ ሲቆም ወፎቹ በራሳቸው በዝተዋል። ደሴት ለመጠበቅ እንደሚቀል እቀበላለሁ፤ በቀቀኗ የምትኖርበት የኮንጎ ደን ግን ሰፊ ነው። ቢሆንም ጥበቃው ደኑን ሁሉ ማዳረስ የለበትም። ትልልቆቹን ማደሪያዎችና ገላጣ ቦታዎች የየአካባቢው ሰው ያውቃቸዋል፤ አጥማጆቹም ከዚያው መንደር ናቸው። ያን እውቀት ያለውን ሰው በቋሚ ደመወዝ ጠባቂ አድርጎ መቅጠር ከአየር ማረፊያ ፍተሻ በፊት መምጣት አለበት።

ገዢም የእግሯን ቀለበት ይመልከት። የአርቢ ቀለበት ድፍን ስለሆነ የሚገባው እግሯ ገና ቀጭን ሳለ፣ ጫጩት ሆና ነው። ተከፍቶ የተቆለመመ ቀለበት ያላትን በቀቀን፣ ወረቀቷ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አለመግዛት ይሻላል።