መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሩ ለምን ባሕርዩን ይቀይራል?

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ጠረጴዛ ላይ ያለው ኮምፒውተር ማንም ሳይነካው ራሱን ያስነሣል፤ ወይም ፋኑ ለሁለት ሰከንድ ዞሮ ይቆማል፤ ወይም ቀኑን ከዓመታት በፊት ወደነበረ ጊዜ መልሶ ይገኛል። አንዳንዱም የብረት ሳጥኑን የነካውን ሰው እጅ ይነዝራል። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ የማዳበሪያ መዝገብ፣ የጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ ወይም የትምህርት ቤቱ የተማሪዎች ውጤት በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ተቀምጦ ሲገኝ እንዲህ ያለው ምልክት በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ከምልክቶቹ ብዙዎቹ በጥቂት ወጪ ወይም ያለ ወጪ የሚስተካከሉ ናቸው። ጥቂቶቹ ግን ለሕይወት ጭምር ያሰጋሉ።

በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው፣ የጠፋ ኮምፒውተር ፈጽሞ ያልጠፋ መኾኑ ነው። በፈረንጆቹ 1995 ኢንቴል ኩባንያ ኤቲኤክስ የተባለውን አሠራር ካስተዋወቀ ወዲህ፣ የዴስክቶፕ ኮምፒውተር የፊት ቁልፍ እንደ አምፖል ማብሪያና ማጥፊያ ኤሌክትሪክ የሚቆርጥ አይደለም፤ ለማዘርቦርዱ «ተነሣ» የሚል ምልክት ብቻ ይሰጣል። ስፒናው ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ፓወር ሰፕላዩ 5 ቮልት የኾነ አነስተኛ ኃይል ያለማቋረጥ ወደ ማዘርቦርዱ ይልካል። መብራት ሲመጣ ቀድሞ የሚነቃው ይህ የተጠባባቂ መስመር ነው፤ አብዛኛው ግራ የሚያጋባ ባሕርይም ከዚሁ ይጀምራል።

መብራት በመጣ ቁጥር ራሱን የሚያስነሣ ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ ብልሽት የለበትም። ኮምፒውተሩ እንደተነሣ በአብዛኛው «ዴሊት» ወይም «ኤፍ 2» የሚለውን ቁልፍ በመጫን በሚገኘው ባዮስ ውስጥ፣ መብራት ተቋርጦ ሲመለስ ምን መደረግ እንዳለበት የሚወስን ምርጫ አለ። ጠፍቶ ይቆይ፣ ይነሣ ወይም ቀድሞ ወደነበረበት ይመለስ የሚሉ አማራጮች ይቀርባሉ። መብራት በሚዋዥቅበት አካባቢ የሚሻለው «ጠፍቶ ይቆይ» የሚለው ነው፤ የመጣው መብራት በደቂቃዎች ውስጥ ተመልሶ ሊሄድ ስለሚችል፣ ዊንዶውስ በመነሣት ላይ እያለ ደጋግሞ መቆረጡ ፋይሎችን ያበላሻል። ምርጫው ተስተካክሎም ችግሩ ከቀጠለ ጥርጣሬው ወደ ፊት ቁልፉ ይዞራል። አቧራ ይዞት ተጭኖ የቀረ ቁልፍ «ተነሣ» የሚለውን ትእዛዝ ሳያቋርጥ ይሰጣል። ስፒናው ተነቅሎ ከቁልፉ ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄደው ቀጭን ሽቦ ይለያይ፤ ከዚያ ኤሌክትሪክ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ጸጥ ካለ ጥፋቱ የቁልፉ ነው።

አንድ ጊዜ ተነሥቶ፣ ጠፍቶ፣ ወዲያው ደግሞ የሚነሣ ኮምፒውተርም ሰውን ያስደነግጣል። በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ኤሌክትሪክ ሙሉ በሙሉ ተቋርጦ ከቆየ በኋላ ይህ መታየቱ ጤናማ ነው። ሦስት አራት ጊዜ ሞክሮ በመጨረሻ የሚነሣው ግን ሌላ ነው። ይህ በአብዛኛው በፓወር ሰፕላዩ ወይም በማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች ማርጀታቸውን ያመለክታል። በማዘርቦርዱ ላይ ያሉት አናታቸው ያበጠ ወይም ፈሳሽ ያወጣ ከኾነ ነገሩ የተረጋገጠ ነው። እንዲህ ያለው ኮምፒውተር ከሞቀ በኋላ ቀኑን ሙሉ በሰላም ስለሚሠራ ባለቤቱ ይዘናጋል። በአንዱ ጠዋት ጭራሽ አይነሣም። መዝገቡን ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ የሚቻለው በዚህ የማንገራገር ወቅት ነው።

የቀኑና የሰዓቱ መዛባት ከሁሉም የቀለለው ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ሲአር 2032 የምትባል፣ ሳንቲም የምትመስል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች፤ ኤሌክትሪክ በሌለበት ጊዜ ሰዓቱን የምታስኬደው እርሷ ናት። ስትደክም መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ይዛባል፤ በባዮስ ውስጥ የተደረገው ምርጫም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ቀኑ ሲሳሳት ድረ ገጾች «ደኅንነቱ አልተረጋገጠም» እያሉ አልከፈት ይላሉ፤ ብዙ ሰውም ኢንተርኔቱ የተበላሸ ይመስለዋል። ባትሪዋ የምትቀየረው ስፒናው ከተነቀለ በኋላ ነው።

መነዘሩ ግን በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። በፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ላይ የኤሌክትሪክ ሁካታን የሚያጣሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች ከብረት ሳጥኑ ጋር ተያይዘዋል። በተለምዶ ግራውንድ የሚባለው የመሬት መስመር በሶኬቱ ውስጥ በትክክል ካለ በእነርሱ በኩል የምታልፈው ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ትወርዳለች። መስመሩ ከሌለ ሳጥኑ የ220 ቮልቱን ግማሽ ያህል ይዞ ይቀራል። የሚያልፈው ኃይል አነስተኛ ስለኾነ እጅን ከመነዝነዝ አያልፍ ይኾናል። አደጋው፣ ይኸው ስሜት በውስጥ ሽቦ ተልጦ ብረቱን ሲነካም መጀመሩ ነው፤ ሁለቱን በእጅ መለየት አይቻልም። የሚነዝር ኮምፒውተር ከሶኬቱ ይነቀል፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያም የሶኬቱን የመሬት መስመር እስከ ቆጣሪው ድረስ ይፈትሽ። ባለ ሁለት እግር ማከፋፈያ ላይ ባለ ሦስት መስመር ስፒና መሰካት፣ ቤቱ የመሬት መስመር ቢኖረው እንኳ ጥቅሙን ያሳጣል። በባዶ እግር በእርጥብ ወለል ላይ ቆሞ መንካት ደግሞ ፈጽሞ የሚደፈር አይደለም።

መብራቱ ራሱ ታምሞ የሚመጣበትም ጊዜ አለ። ሦስት ፌዝ ባለው መስመር ላይ ኒውትራል የሚባለው ሽቦ ከተቆረጠ በአንዳንዱ ቤት ቮልቴጁ ከ220 በእጅጉ ይበልጣል፤ በሌላው ይወርዳል። ምልክቱ አምፖሎች ከወትሮው በላይ መድመቃቸው ወይም አንዱ ሲደምቅ ሌላው መፍዘዙ ነው። ያን ጊዜ ዋናውን ብሬከር አጥፍቶ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ማሳወቅ ይገባል። እንጀራ ሲጋገር ኮምፒውተሩ የሚጠፋ ከኾነ ደግሞ ብዙ ኃይል የሚስበው ምጣድ በዚያው መስመር ላይ ቮልቴጁን አውርዶታል ማለት ነው፤ ለኮምፒውተሩ የተለየ መስመር መዘርጋት ከስታቢላይዘር ይሻላል። ስታቢላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን አያቆይም፤ ይህን የሚያደርገው ዩፒኤስ ነው። የዩፒኤስ ባትሪም ያረጃል። በአምፖል ብቻ ተሞክሮ፣ ከግድግዳው ሲነቀል አምፖሉ ወዲያው ከጠፋ ባትሪው አልቋል።

በውጭ አገር ያለ ዘመድ የላከው አሮጌ ኮምፒውተር ሲመጣ ከመሰካቱ በፊት ጀርባው ይታይ። አንዳንዱ ፓወር ሰፕላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ ተንሸራታች ቁልፍ አለው፤ በአሜሪካ ሲሠራ የቆየው በ115 ላይ ነው። እንደዚያው ከተሰካ በቅጽበት ፈንድቶ ይቃጠላል። 100–240 የሚል የተጻፈበት ግን ራሱን ስለሚያስተካክል አያሰጋም።

ፓወር ሰፕላዩን መክፈት የባለቤቱ ሥራ አይደለም። ስፒናው ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ከ300 ቮልት በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ሲበላሽ እንዳለ ይቀየራል።