አውራጁ ከልኩ በላይ ሲያወጣው

ከጥቂት ወራት በፊት ከመካከላችን አንዳንዶቻችን በአንድ የመምህራን ጉባኤ ላይ ተገኝተን ነበር። የመክፈቻውን ዲስኩር ያደረጉት የክብር እንግዳ እውነትም ተናጋሪ ናቸው። አዳራሹን አሳቁት፣ አስጨበጨቡት፤ ከኋላ የተቀመጡት ሳይቀሩ ብድግ አሉ። በማግስቱ ቁርስ ላይ ግን አንዲት ሠልጣኝ «ለመሆኑ ትናንት ምን አሉ?» ብላ ጠየቀችን። ተያየን። «ኧረ ጥሩ ተናገሩ!» አልን፤ ከዚያ ወዲያ የሚጨምር ጠፋ። ልጅቷ ትምህርቷን ጨርሳ ገጠር ለመመደብ ጥቂት ወራት የቀሯት ናት፤ ጥያቄዋ የቀልድ አልነበረም።

ታዲያ የመክፈቻ ተናጋሪ ሥራው ምንድን ነው? እንደሚታወቀው በሙያ ጉባኤ ተሳታፊው በየክፍሉ ተከፋፍሎ ጥናት ከመስማቱ በፊት፣ ሁሉም በአንድ አዳራሽ ሳለ፣ አንድ ሰው ረዘም ያለ ንግግር እንዲያደርግ ይጋበዛል። እንግሊዞች ለዚህ ንግግር የሰጡት ስም ከሙዚቃ የተወሰደ ነው፤ ይኸውም ዘማሪዎች ከመጀመራቸው በፊት ድምፃቸውን የሚያስተካክሉባት የመነሻ ድምፅ ማለት ነው። በእኛ አገር ይህን ሥራ የሚሠራው አውራጁ ነው። አውራጅ ደግሞ በድምፁ ማማር ብቻ አይለካም። ተቀባዩ ሊከተለው በማይችልበት ቁመት ካወጣው ለብቻው ዘፍኖ ይቀመጣል።

ተቀባዩ የቻለውን አንድ ንግግር እናንሣ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1976 በዳሬሰላም ከተማ ዓለም አቀፍ የጎልማሶች ትምህርት ጉባኤ ተካሂዶ ነበር። መክፈቻውን የተናገሩት በዚያን ጊዜ የታንዛኒያ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጁሊየስ ኔሬሬ ናቸው። ኔሬሬ ወደ ፖለቲካ ከመግባታቸው በፊት በታቦራና በፑጉ ያስተማሩ ስለነበሩ ሕዝቡ «ምዋሊሙ»፣ ማለትም መምህር፣ እያለ ነበር የሚጠራቸው። ከንግግራቸው ብዙው ስለ ልማትና ስለ ሰው ልጅ ነፃ መውጣት ነው፤ ይህን በዚያ ዘመን ያላለ መሪ አልነበረም ብንል ብዙ አላጋነንም። እኛን የያዘን ሌላው ነው። ጎልማሳ ተማሪ ስለሚማረው ጉዳይ፣ ማወቁን ራሱ ባያስተውለውም፣ የሚያውቀው ነገር አለ፤ እንዲያውም መምህሩ የማያውቀውን የሚያውቅበት ጊዜ አለ አሉ። ምሳሌያቸው ወባ ነበረች። ወባ በየትኛው ወራት እንደምትብስ፣ በዕድሜም ሆነ በመኖሪያ ማን ይበልጥ እንደሚጎዳ የመንደሩ ሰው ጠንቅቆ ያውቃል። እንግዲህ ይህን የሰማ አስተማሪ ሰኞ ጠዋት ስለ ወባ ሲያስተምር ጠመኔውን ከማንሣቱ በፊት «እስቲ እዚህ መንደር መቼ ነው የሚብሰው?» ብሎ መጀመር ይችላል። ገንዘብ አይጠይቅ፣ መሣሪያ አይጠይቅ።

ሁለተኛዋ ሪታ ፒርሰን ናቸው፤ 40 ዓመት ገደማ በማስተማር ሥራ የቆዩ አሜሪካዊት። እ.ኤ.አ. በ2013 ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ስለ ትምህርት በተዘጋጀ አንድ መድረክ ላይ ተናገሩ። ንግግራቸው ስምንት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በዚያው ዓመት ሰኔ ውስጥ ዐረፉ፤ ንግግሩ ግን ዛሬም በየስልኩ ይታያል።

ምን አሉ መሰላችሁ? 20 ጥያቄ ፈተንሁ፤ አንድ ተማሪ 18ቱን ሳተ፤ ወረቀቱ ላይ +2 ብዬ ጻፍኩና የሚስቅ ፊት ሳልኩበት ነው የሚሉት። ልጁ «ወድቄያለሁ ማለት ነው?» ሲላቸው «አዎ» አሉት። «ታዲያ ፊቱ ለምን ይስቃል?» ቢላቸው ሁለቱን አግኝተሃል፣ ሁሉንም አልሳትክም፤ ስንከልሰው ደግሞ የተሻለ ትሠራለህ ብለው መለሱለት። −18 የልጁን ነፍስ ያወጣል፤ +2 ግን ጨርሶ ከንቱ እንዳልሆነ ይነግረዋል ባይ ናቸው።

ይህን ታሪክ የሚደግሙት ሰዎች አንዲት ነገር ይዘልላሉ፦ «አዎ» የምትለዋን። መምህርቷ መውደቁን አልደበቁትም። ማርኩ ማርክ ነው። ፈገግታው እውነቱን የሚሸፍን ቢሆን ኖሮ ልጁ በሁለተኛው ፈተና ይደርስበት ነበር። ደግሞ እኒሁ ሴት በዚያው መድረክ ላይ አንድ ቀን የሒሳብ ትምህርት አሳስተው አስተምረው፣ በማግስቱ ክፍሉን ይቅርታ መጠየቃቸውን ተናግረዋል። ስህተቱን የሚያወራ ተናጋሪ ያበረታል፤ ስኬቱን ብቻ የሚዘረዝር ግን፣ ሳያስበው፣ ያሳንሰናል።

ከመምህራኖቻችን አንዱ ይህን ጽሑፍ በረቂቅ አይተው «እንዴ፣ ልብ ማሞቅስ ሥራ አይደለም? የደከመው አስተማሪ ብዙ ነው እኮ!» ብለውናል። ልክ ናቸው፤ ልብ መሞቅ አለበት። የምንፈራው ልቡ ሞልቶ እጁ ባዶ የሆነውን ጀማሪ ነው። በጭብጨባ ተሸኝቶ ይሄድና 70 ልጅ የታጨቀበት ክፍል ይገባል። በሦስተኛው ሳምንት ሙቀቱ ሲበርድ ጥፋቱን በተናጋሪው ላይ አያደርግም፤ «እኔ የማስተማር ጸጋው የለኝም» ይላል። እንዲህ ብሎ ሙያውን የተወ ሰው የማናውቅ አለን?

ስለዚህ በምረቃ ቀን እንግዳ የሚጋብዙት የኮሚቴ አባላት፣ ለእንግዳው ሰዓቱንና የክብር ወንበሩን ብቻ ሳይሆን፣ ተመራቂው ምን ዓይነት ክፍል እንደሚጠብቀው አስቀድመው ቢነግሩልን እንወዳለን። ሰኞ የሚሠራ አንድ ነገር ይዘው ይምጡልን።

በነገራችን ላይ ያቺ የቁርሷ ሠልጣኝ የፒርሰንን ንግግር ያየችው ከእኛ ጋር ነው። ለማስተማር ልምምድ በወጣች ጊዜ ከ20 ስድስት ላገኘች ተማሪ +6 ብላ ጻፈችላት። ተማሪዋ ወረቀቱን ገልብጣ ገልብጣ አየችውና፣ «ቲቸር፣ አሥራ አራቱስ?» አለቻት። ሠልጣኟ ይህን አልተዘጋጀችበትም ነበር። ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠችና ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀመሩ፤ ደወሉ ሲደወል አራተኛው ላይ ነበሩ።