በእጅ ስልክ የሚሰማ ዘፈን መዝገብና የምዕራብ ጎጃም አድማጭ

ዘፈን በእጅ ስልክ የሚያሰሙ መተግበሪያዎች ከአገር ወደ አገር ሲሻገሩ ብዙ ጊዜ የሚለወጠው የገጻቸው ቋንቋ ብቻ ነው። ለዐረብኛ አንባቢ ገጹ በሙሉ ከቀኝ ወደ ግራ መገልበጥ አለበት፤ የግእዝ ፊደል ግን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚነበብ ለአማርኛ ይህ ድካም አላስፈለገም። ስለዚህ ስፖቲፋይ በ2013 ዓ.ም. አማርኛን ከገጹ ቋንቋዎች እንደ አንዱ ሲቈጥር፥ ቃላቱ ከተተረጐሙ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አገር ያለውን የዘፈን ልማድ ለሚያስተውል ግን ልዩነቱ ከቃላቱ በታች ነው።

ገጹ ዘፈንን የሚያውቀው በዘፋኙ ስም፥ በርእሱና በአልበሙ ነው። ስሙ በፊደል ሲፈለግ «ሀ»፥ «ሐ»ና «ኀ»፥ እንዲሁም «ሰ»ና «ሠ» እንደ አንድ ካልተቈጠሩ ገሠሠ ብሎ የጻፈ ገሰሰን አያገኝም። በርእስ በኩል ያለው ችግር ይብሳል። ትዝታ የዘፈን ስም ብቻ ሳይሆን ቅኝት ነው፤ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬም እንዲሁ። «ትዝታ» የሚል አድማጭ አንዱን ዘፈን ሳይሆን አንዱን ስሜት ይጠይቃል፤ መዝገቡ ግን ለቅኝት የሚሆን ስፍራ የለውም። በምትኩ «የዓለም ሙዚቃ» የሚል ክፍል አለ፤ ይህም በ1987 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የተሰበሰቡ ሸክላ አሳታሚዎች ለሱቅ መደርደሪያ የመረጡት ስም እንጂ የሙዚቃ ዐይነት አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው የአዝማሪው ጉዳይ ነው። በሠርግ ዳስ መሲንቆ ሲመታ ግጥሙን የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ታዳሚው ነው፤ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል፥ በነጋታውም ለሌላ ሰው ይለውጠዋል። ታዲያ የዘፈኑ ባለቤት ማነው? በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 410 የከዋኙን መብት ያውቃል፤ ገንዘቡ ግን የሚከተለው በመዝገቡ የተጻፈውን ስም ነው። ኤልያስ መልካ ከባልንጀሮቹ ጋር የመሠረተው «አውታር» ለሙዚቀኞች ዋጋቸውን ለማስገኘት የታሰበ ነበር። ነገር ግን ይህ ሁሉ መረብ ይፈልጋል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ዘፈን ከስልክ ወደ ስልክና በሚሞሪ ካርድ መተላለፉ ብቻ ቀረ፤ በካርዱ ላይ የፋይሉ ስም ቍጥር ብቻ ሲሆን አስቀድሞ የሚጠፋው የአዝማሪው ስም ነው።

ዘመኑም ሌላ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ብዙ ምእመን ዘፈንን ትቶ መዝሙርና በገና ይሰማል። ትናንት የተሰማውን አይቶ የሚመርጠው መተግበሪያ ግን በጾሙ መግቢያ ማግስት የጥሩን የሠርግ ዘፈን ያቀርባል። የጾሙ መግቢያና የበዓላቱ ቀን ግን በባሕረ ሐሳብ አስቀድሞ የታወቀ ነውና በገጹ ላይ ማግባቱ ብዙ አያስቸግርም።