ተጨማሪ መረጃ፦ ቤታ ብሎከርና የአካል እንቅስቃሴ
ስንሮጥ አድሬናሊን ልብን ያፈጥናል፣ የአየር ቧንቧዎችን ያሰፋል፣ በጉበትና በስብ ውስጥ የተከማቸውን ኃይል ወደ ደም ያስለቅቃል። የመድኃኒት ተመራማሪው ጄምስ ብላክ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስገኘው ፕሮፕራኖሎል የተባለ ቤታ ብሎከር ግን አድሬናሊን የሚያርፍባቸውን ቤታ ተቀባዮች ይዘጋል። መድኃኒቱ ከልብ አልፎ ሳንባንም ይነካል፤ የአስም ሕመምተኛን የአየር ቧንቧ ሊያጠብ ስለሚችል ለእርሱ አይታዘዝም። ስብም በበቂ ስለማይለቀቅ ጡንቻ ይበልጥ በስኳር ላይ ይደገፋል፤ በረጅም ሩጫ ድካም ቶሎ ከሚመጣባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። በልብ ላይ የሚያተኩረው ሌላው ቤታ ብሎከር አቴኖሎል በሳንባና በድካም ላይ ያለው ተጽዕኖ ያነሰ ነው፤ ፈጽሞ ግን አይጠፋም።

ቤታ ብሎከርን ከኢንሱሊን ጋር የሚወስዱ ሰዎች ይበልጥ ሊጠነቀቁ ይገባል፤ የደም ስኳር ሲያንስ የሚታየው የልብ ምት መፍጠን ይደበቃል፣ ላብ ግን አይደበቅም። መድኃኒቱ የልብ ምትን ስለሚያዘገይ ምት ቆጥሮ የእንቅስቃሴን ክብደት መለካትም አያስተማምንም፤ እየተንቀሳቀሱ መነጋገር መቻል ይሻላል። መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ምክር በድንገት አያቋርጡ።