«ጠንካራ ዲፈረንሻል» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የአሮጌ መኪናን ነገር ከሥሩ ማየት የፈለገ ሰው ጎንበስ ብሎ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መሀል ያለውን፣ እንደ ድስት ያበጠውን ብረት መመልከት አለበት። የላዳ ታክሲ ሾፌሮች «ዲፈረንሻል» የሚሉት እሱን ነው። እኔ የምማረው ጋዜጠኝነት እንጂ መካኒክነት አይደለም። ነገር ግን አጎቴ የሚተዳደረው በላዳ ታክሲ ስለሆነ እቤታችን ከፖለቲካ ይልቅ የሚወራው የመኪና ነገር ነው። ሰሞኑን ደግሞ ወሬው ሁሉ «ጠንካራ ዲፈረንሻል ይግባላት ወይስ አይግባላት?» የሚል ሆኗል።

ጥያቄው ቀላል አይምሰላችሁ። ሙሉ የኋላ አክስል ከሶማሌ ተራ ገዝቶ ማስገጠም ለአንድ ታክሲ ነጂ ትልቅ ወጪ ነው። መኪናዋ ጋራዥ ስትቆም የቤት ኪራዩና የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ አብረው አይቆሙም። ስለዚህ ነገሩን እየጠየቅሁና እያነበብኩ የተረዳሁትን፣ እንደ እኔ መካኒክ ላልሆነ አንባቢ ላስረዳ።

የኋላ አክስል ሥራው ምንድን ነው?

ላዳን የሚገፏት የኋላ ጎማዎቿ ናቸው። የሞተሩ ጉልበት በካምቢዮ አልፎ፣ በመኪናዋ ሆድ ሥር በተዘረጋ ረጅም ዘንግ ወደ ኋላ ይሄዳል። እዚያም ፒኞን የሚባለው ትንሽ ጥርስ ኮሮና የሚባለውን ትልቅ ጥርስ ያዞራል። ከኮሮናው ጉልበቱ ለግራና ለቀኝ ሻፍት ይከፈልና ጎማዎቹን ያሽከረክራል።

ቁም ነገሩ ያለው በጥርሶቹ ቁጥር ላይ ነው። በላዳ 2101 ላይ ፒኞኑ 10፣ ኮሮናው 43 ጥርስ አለው። ይህ ማለት ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ረጅሙ ዘንግ 4.3 ጊዜ መዞር አለበት ማለት ነው። በ2102 ጥርሶቹ 9 እና 40 ሲሆኑ ውጤቱ 4.44 ነው። በ2103 ደግሞ 10 እና 41፣ ማለትም 4.1 ነው። በ2106 11 እና 43 ሆኖ ወደ 3.9 ይወርዳል። ቁጥሩ ከፍ ሲል መኪናዋ ዳገት ላይ ትጎትታለች፣ ፍጥነቷ ግን ይቀንሳል። ቁጥሩ ሲወርድ ደግሞ ሜዳ ላይ ትሮጣለች፣ ዳገት ላይ ታቃስታለች።

እስቲ በሒሳብ እንየው። የላዳ ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 1.8 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ እየዞረ በአራተኛ ማርሽ ብንነዳ፣ በ4.3 ዲፈረንሻል ፍጥነታችን በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በ3.9 ግን 83 ይደርሳል። በአንጻሩ የ4.3ቱ ከ3.9ኙ ይልቅ ለጎማው በመቶ 10 የሚሆን ተጨማሪ ጉልበት ይሰጣል።

ይህ 10 ለአዲስ አበባ ትንሽ አይደለም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ካርቡሬተር ያለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አምስት እጅ አንዱን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። 1200 ሲሲ የሆነች ላዳ አራት ሰው ጭና ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ለምን እንደምታለቅስ አሁን ይገባናል።

ሁለት ዓይነት ጥንካሬ

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚምታታው። ሾፌሮች «ጠንካራ» ሲሉ ሁለት የተለያየ ነገር ይላሉ። አንደኛው ከላይ ያየነው የመጎተት ጉልበት ነው። ሁለተኛው የመሸከም አቅም ነው። ሸክሙን የሚችሉት ጥርሶቹ ሳይሆኑ የአክስሉ ቱቦ፣ ሻፍቶቹና ኩሽኔታዎቹ ናቸው። ጥርስ የቀየረ ሰው ዳገቱን ይወጣ ይሆናል፤ ሁለት ኩንታል ከፖርቶ መጋላው ላይ ቢጭን ግን ኩሽኔታው ያው የድሮው ነው። ላዳ 2101 የተሠራችው ሹፌሩን ጨምሮ 400 ኪሎ እንድትጭን ነው። አምስት ሰው ሲገባ ለዕቃ የሚተርፈው 50 ኪሎ ገደማ መሆኑን አስሉት።

በተለይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በላዳ ላይ ሻፍቱ ከነጎማው ተስቦ እንዳይወጣ ከኩሽኔታው ጋር አጥብቆ የሚይዘው በሙቀት ተሰፍቶ የተመታ አንድ ቀለበት ነው። ያ ቀለበት ከላላ ጎማው ከነሻፍቱ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ያገለገለ አክስል የሚገዛ ሰው ጥርስ ብቻ ሳይሆን ቀለበቱንም ማየት አለበት።

የሌላውን አምጥቶ መግጠምስ?

መኪናዋ ራሷ የተዋሰችውን እያጠናከረች የመጣች ናት። ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1966 ከጣልያኑ ፊያት ጋር ተዋውለው ፊያት 124ን መሠረት በማድረግ በ1970 በቶሊያቲ ከተማ 2101ን ማምረት ጀመሩ። ለራሳቸው መንገድ እንድትሆን ብዙ ነገሯን ቀየሩ፤ ከእነዚህም አንዱ የኋላ ዲስክ ፍሬን ጭቃ የማይበግረው ታምቡር እንዲሆን መደረጉ ነው። የዚህ ቤተሰብ መኪኖች እስከ 2012 ሩሲያ ውስጥ ስለተመረቱ የ2106 ዲፈረንሻል ከ2101 አክስል ውስጥ ይገባል። የሚታሰረውም በ8 ብሎን ነው።

ኒቫ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። «የኒቫ አክስል አስገባ፣ ትገላገላለህ» የሚል ምክር አጎቴም ሰምቷል። የኒቫ ለገጠር መንገድ የተሠራ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የኒቫ ጎማ በ5 ዳዶ ሲታሰር የላዳ በ4 ነው፤ የቀዳዳዎቹ ክብም አይገጥምም። የኋላ ጎማዎቹ ርቀት በኒቫ 1400 ሚሊ ሜትር፣ በ2101 ደግሞ 1305 ነው። ስለዚህ ጎማው በእያንዳንዱ ወገን አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይወጣል። ከዚያ ብየዳ፣ ሌላ ቸርኬ፣ ሌላ ወጪ ይከተላል። ከባድ አክስል ደግሞ ከሞላው በታች የሚነጥረውን ክብደት ስለሚጨምር ኮብልስቶን ላይ ተሳፋሪውን ያንገጫግጫል።

ከመግዛት በፊት መቁጠር

ደስ የሚለው፣ ዲፈረንሻል ሳይፈታ ቁጥሩን ማወቅ ይቻላል። ለፊት ጎማዎች ታኮ ይደረጋል፣ ካምቢዮው ፎሌ ላይ ይሆናል፣ የእጅ ፍሬን ይለቀቃል። አንዱ የኋላ ጎማ በክሪክ ተነሥቶ ጠንካራ ድጋፍ ይደረግለታል፤ ሌላው መሬት ላይ ይቆያል። የተነሣውን ጎማ 20 ጊዜ እያዞራችሁ አንድ ሰው ረጅሙ ዘንግ ስንት ጊዜ እንደዞረ ይቁጠር። ያንን ለ10 አካፍሉት። ለ20 የማናካፍለው አንዱ ጎማ ቆሞ ሌላው ብቻ ሲዞር፣ የሚዞረው ከኮሮናው እጥፍ ስለሚዞር ነው።

የአጎቴን ላዳ ስንቆጥር 39 መጣ። ማለትም ከዚህ በፊት የነበረ ባለቤት በ4.3 ቦታ 3.9 አስገብቷል። የፍጥነት መለኪያው የሚነዳው ከካምቢዮ በኩል ስለሆነ እሱ ይህንን አያውቅም። መኪናዋ 83 ስትሮጥ መለኪያው 75 እያሉ ይመሰክራል! ዲፈረንሻል የቀየረ ሰው የመለኪያውን ጥርስም ካልቀየረ ትራፊክ ሲያስቆመው ማስረዳት ይከብደዋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳያውቅ ይፈጥናል።

ስለዚህ አጎቴ ሙሉ አክስል መግዛቱን ትቶ ባለ 4.3 ዲፈረንሻል ብቻ ከነቤቱ ሊያስገባ፣ የሁለቱንም ወገን ኩሽኔታ ከነቀለበቱ ሊያሳድስ ወስኗል። ከነቤቱ መግዛቱ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ኮሮናና ፒኞን ፋብሪካ ተጣምረው የሚወጡ ስለሆኑ አንዱን ከዚህ፣ ሌላውን ከዚያ ማዳበል አይቻልም። በጥርሶቻቸው መሀል የሚፈቀደው ክፍተት ከ0.08 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ያ በዓይን ግምት አይሠራም።

በአጭሩ፣ «ጠንካራ ዲፈረንሻል አለ» የሚል ሰው ሲመጣ ሦስት ነገር ጠይቁት። ጥንካሬው ለመጎተት ነው ወይስ ለመሸከም? ጎማውና ፍሬኑ ይገጥማሉ? የፍጥነት መለኪያውስ ምን ይላል? ለሦስቱም መልስ ከሌለው ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት።